ኮከቦቼን ያበላሸው 4 ሚሊ ሜትር

ደሴ ላይ ከክረምት በኋላ ሰማዩ ሲጠራ፣ ቴሌስኮፕ ያለው ሰው አንድም ሌሊት ሊያመልጠው አይገባም። እኔ ግን ኮከቦችን ፎቶ ለማንሣት ስሞክር ኅዳርንና ታኅሣሥን በከንቱ አሳለፍኩ፤ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባለ 80 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፔን መትከሉና ካሜራውን ማገናኘቱ አላስቸገረኝም። የምስሉን ጠርዝ የሚያስተካክለው ሌንስ፣ ማለትም ፍላትነሩ፣ ብርሃኑን ከሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ከሴንሰሩ፣ 55 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። ባክ ፎከስ የሚባለው ይህ ርቀት ምስሉን የሚያጠራውን ፎከሰር በማዞር አይስተካከልም። ካሜራዬ በራሱ 17.5 ሚሊ ሜትር ስለሚይዝ የቀረውን ርቀት የሚሞሉ የ21 እና የ16.5 ሚሊ ሜትር ቀለበቶች ያስፈልጉኝ ነበር። ሁለተኛው ከዕቃው ጋር አልመጣም፤ ሻጩም ደጋግሜ ብጽፍለት መልስ ነፈገኝ። ስለዚህ ኮምቦልቻ ወርጄ ቶርኖ ቤት አሠራሁት።

የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ላይ የመካከሉ ኮከቦች ክብ ሲሆኑ፣ የአራቱም ጠርዝ ኮከቦች ከመሐል ወደ ውጭ እንደ ጨረር ተስበው ነበር። ጥፋቱን በማውንቱ አመካኘሁ፤ ማውንት ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ኮከቦቹን እየተከተለ የሚዞር ማቆሚያ ሲሆን፣ አቅጣጫውን የሚይዘው በሰሜን ኮከብ ነው። ደሴ በ11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ብዙም ከፍ አይልም፤ ከግቢዬ ደግሞ ኮረብታ ይጋርደዋል። በመሆኑም ማውንቱን በግምት አቅጣጫ አስይዤ፣ እርሱኑ ሳቃና ብዙ ሌሊት በብርድ አነጋሁ። ማውንቱ ቢሆን ኖሮ መካከሉም ጠርዙም ወደ አንድ አቅጣጫ በተሳበ ነበር፤ ይህን እያየሁ አለማስተዋሌ ያናድደኛል።

በመጨረሻ ሴንሰሩ ተጣሞ ይሆናል ብዬ ማቃኛ ለማሠራት ወደዚያው ቶርኖ ቤት ተመለስኩ። ባለሙያው ቀለበቱን ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ይዘው ጥቂት ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ ጥርሱ እኮ ሌላው ውስጥ ይገባል፤ ለምን ቆጠርከው?» አሉኝ። በሰጠኋቸው ሥዕል ላይ «ጠቅላላ ርዝመት 16.5» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ከዚያ ውስጥ 4 ሚሊ ሜትሩ ሌላው ቀለበት ውስጥ ተጠምዝዞ የሚገባው ጥርስ ነበር፤ 55 ላይ የቆምኩ ሲመስለኝ 51 ላይ ነበርኩ። እርሳቸው የታዘዙትን አንድ ፀጉር ሳያዛንፉ ሠርተዋል። ሥዕል ስትሰጡ የገላውን ርዝመትና የጥርሱን ርዝመት ለየብቻ ጻፉ።

አዲሱ ቀለበት ከገባ በኋላም ጠርዙ በጥቂቱ እንደተሳበ ቀረ። የፍላትነሩ መመሪያ 55 ብሎ ይዘጋል እንጂ ብርሃኑን ስለሚያጣራው መስታወት፣ ስለ ፊልተር፣ አንድ ቃል አይናገርም። ከፍላትነሩና ከሴንሰሩ መካከል የሚገባ መስታወት ግን የውፍረቱን ሲሶ ያህል ተጨማሪ ርቀት ይጠይቃል፤ ለእኔ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ፊልተር 0.7 ገደማ መሆኑ ነው። ስለዚህ 55ን እንደ መነሻ ብቻ ውሰዱት። ኮከብ የበዛበት ሰማይ ላይ ባለ 10 ሴኮንድ ፎቶ አንሡና ጠርዙን አጉልታችሁ እዩ፤ ኮከቦቹ ወደ ውጭ ከተሳቡ አብዛኛውን ጊዜ ሴንሰሩ ቀርቧል፣ በመሐሉ ዙሪያ እንደ ቀስት ከታጠፉ ደግሞ ርቋል። እኔ ከአሮጌ የራጅ ፊልም ሦስት ስስ ቀለበቶች ቆርጬ ጨመርኩ፤ እያንዳንዱ በካሊፐር 0.2 ነበር። በጥር የመጀመሪያ ሳምንት ያነሣሁት የኦሪዮን ኔቡላ ፎቶ እስከ አራቱም ማዕዘን ድረስ ኮከቦቹ ክብ ናቸው።