የመርሳ ማንጎ ደሴ እስኪደርስ

ሰሜን ወሎ፣ መርሳና ግራና አካባቢ የማውቃቸው ገበሬዎች ማንጎና ብርቱካናቸውን በፍግና በኮምፖስት ብቻ ነው የሚያበቅሉት፣ ግን ደሴ ገበያ ላይ ከሌላው ጋር ተደባልቆ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ደላላው ፍሬው ገና ዛፉ ላይ እያለ በአይኑ ገምቶ ይገዛና በዱላ አራግፎ፣ ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቆ አይሱዙ ላይ ይጭነዋል፣ እና ደሴ ሲደርስ ጠቋቁሮ ማየት አዲስ ነገር አይደለም።

ማንጎ እኮ አንገቱን ትንሽ አስቀርተህ በመቀስ ቆርጠህ፣ ሙጫው ቆዳውን እንዳያቃጥለው ገልብጠህ አንጠፍጥፈህ፣ ከዛ በፕላስቲክ ሳጥን ነው መሄድ ያለበት።

ኦርጋኒክ፣ ማለትም ያለ ኬሚካል የበቀለ መሆኑን ማን ያምናል ለሚለው፣ የኦርጋኒክ ግብርና አዋጅ ቁጥር 488 ከ1998 ጀምሮ አለ፣ ግን ገለልተኛ ድርጅት መርምሮ የሚሰጠው ሰርተፍኬት ለትንሽ ጓሮ ባለቤት ዋጋው አይቀመስም። እኔ የሚሻለው አሳታፊ የዋስትና ስርዓት የሚባለው ይመስለኛል፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው ከገዢዎች ጋር ሆነው አንዱ የሌላውን ማሳ እየዞሩ ያያሉ፣ ያጭበረበረ ይወጣል። ኤክስፖርት ላይ ብዙም አያስኬድም፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ጁስ ቤትና ሆቴል ግን ከበቂ በላይ ነው።

ይሄን ሁሉ ለአንድ ጎረቤታችን ሳወራላቸው ዝም ብለው ሰምተው "ልጄ፣ ሳጥኑንስ ከደሴ ማን ይመልስልኛል?" አሉኝ። ወላሂ እውነታቸውን ነው፣ ባዶ ሳጥን ተመልሶ ካልመጣ ሂሳቡ አይወጣም። ጁስ ቤቱ ለሳጥኑ መያዣ ቢያስይዝስ ብዬ አስቤያለሁ፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ ባለጁስ ቤቶች በዚህ ትስማማላችሁ?