ስቅለትን ሰግደው ዋሉ፦ ስለ ተረከዝ ሕመም የተሰጠ ምስክርነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን የምንጽፈው ስለ አንዲት እናት ስእለት ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ሲሚንቶ ላይ ቆመው ዓሣ ሲበልቱ የሚውሉ እናት ናቸው። «የስቅለትን ስግደት ካደረስከኝ ጧፍ አስገብቼ እመሰክራለሁ» ብለው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተስለው፣ ደረሱ። «ስሜን ተዉት፤ የዳንኩበትን ግን አንድም ሳታስቀሩ ጻፉልኝ» ስላሉን፣ እግራቸውን ያየን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች እንጽፋለን።

ጠዋት ከአልጋ ወርደው መጀመሪያ ሲረግጡ ተረከዛቸውን ሚስማር እንደገባበት ይወጋቸዋል። ጥቂት ሲራመዱ ለቀቅ ያደርጋቸዋል፤ ቆመው ከዋሉ ይመለሳል። አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀልብሰን የተረከዙን የውስጥ ጎን ስንጫን «እሱ ነው!» አሉ። የታመመው ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋው ሰፊ ጅማት ነው። ራጅ ላይ የታየችው ሾጣጣ አጥንት አስፈርታቸው ነበር፤ እሷ ሕመም በሌለባቸው ብዙ ሰዎችም ላይ ትታያለች።

ሲሚንቶው፣ ስሱ ነጠላ ጫማና የጠነከረው ባት ጅማቱን ጎድተውታል። ስግደቱም አለበት፦ ሲነሡ ጣቶች ተቀልብሰው ክብደቱን ያ ጅማት ይሸከማል። የንስሐ አባታቸው «ልጄ፣ እስኪሻልሽ ጎንበስ ብለሽ አድርሺ» አሏቸው። ጠበላቸውን አላቋረጡም፤ ማንም አቋርጡ አላላቸውም።

ከአልጋ ሳይወርዱ የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ ያስቀምጣሉ። ጣቶቹን ወደ ቅልጥም ስበው 10 ሴኮንድ ይይዛሉ፤ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። ውስጥ እግርን በሌላው እጅ ሲዳስሱት እንደ በገና አውታር ካልተወጠረ አልተሳበም። ቀጥሎ ባት፦ ግድግዳ ተደግፎ፣ የታመመውን እግር ወደ ኋላ አድርጎ፣ ጉልበት ሳይታጠፍ ተረከዝም ሳይነሣ 30 ሴኮንድ፣ 3 ጊዜ። እግራቸው ወደ ውጭ ይዞርባቸው ነበር፤ ያኔ ባቱ አይወጠርም። ጣቶች ግድግዳውን ይዩ።

ዋናው ማጠንከሪያ ደረጃ ላይ ነው። ጥቅል ፎጣ ከጣቶች ሥር አድርጎ ተረከዝን በ3 ሴኮንድ ማንሣት፣ 2 መቆየት፣ በ3 ማውረድ፤ እስከ 12 ጊዜ፣ በየሁለት ቀኑ። እናታችን ቶሎ እንዲሽር ብለው በየቀኑ ሠሩትና ባሰባቸው።

ማታ በረዶ የሆነ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልለው 10 ደቂቃ ያንከባልሉበታል፤ ስኳር ያለበት ወይም እግሩ የደነዘዘ ሰው ይህን አይሞክር። ተረከዙ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ ጫማ ቤት ውስጥም አይወልቅም፤ የሚወልቀው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። ወጌሻ በኃይል አሽቶት ሳምንት አስተኝቷቸዋል። ተረከዝ ላይ የሚወጋ የስቴሮይድ መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሣል፤ ሲደጋገም ግን ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል።

ተረከዙ ካበጠና ከጋለ፣ ተኝተውም የሚያም ከሆነ፣ ከወደቁ በኋላ ከጀመረ ወይም ከደነዘዘ ይህን ሳይሞክሩ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ሁለት ወር ለውጥ አልነበረም። «ጊዮርጊስ ረሳኝ» ብለው አለቀሱ። በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ደርሰው ነው ተረከዛቸው እንዳልወጋቸው ትዝ ያላቸው። እልል አሉ፤ ጎረቤት ደንግጦ መጣ። በ6ኛው ወር ስቅለት ሆነ። ምንጣፍ አጥፈው ከእግራቸው ሥር አድርገው፣ ሲነሡ መቋሚያ እየተደገፉ ሰግደው ዋሉ። ጧፉ ገብቷል፤ በማግስቱም ከአልጋ ሳይወርዱ ጣታቸውን ሲስቡ ነበር።