እጩዎቹን ጠርተን የጠየቅንበት ጊዜ

በ2013ቱ ምርጫ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የምንነግድ የእቁብ ሰዎች ዘንድሮስ ዝም ብለን አንመርጥም፣ እጩዎቹን ጠርተን እንጠይቃቸው ብለን ተነሳን፣ ጸሀፊው እኔ ነበርኩ። እቁቡ ማንንም አይደግፍም፣ ሁሉም መልሱን ሰምቶ እንደ ህሊናው ይመርጣል ብለን ቀድመን ተስማማን፣ ያንን ባናደርግ በመጀመሪያው ቀን ነበር የምንጣላው።

የመጀመሪያው እጩ የመጣ ቀን ቡና ተፈልቶ ሰው ሁሉ ያመቀውን አወጣ፣ ዶላር የለም፣ እቃችን ጅቡቲ ቆሟል፣ ኪራይ ጨመረ፣ ቱቦው ተደፍኖ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ሱቅ ይገባል፣ ሰውዬው ለሁሉም "እናስተካክላለን" አለ። አቦሉ ሳያልቅ ሁለት ገጽ ጻፍኩ፣ ማታ ሳነበው ግን የሚጨበጥ አንድ ነገር የለውም።

በማግስቱ አንድ ሀጂ አሉ በእድሜ የሚበልጡን፣ ደብተሩን አይተው "አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰው የሚወዳደረው ለክልል ምክር ቤት አይደለም እንዴ፣ ዶላሩን ከየት ያመጣልሃል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጉምሩክና የውጭ ምንዛሪ የፌዴራል ነው፣ የግለሰብ ነጋዴ ግብር ግን በህገ መንግስቱ አንቀጽ 97 የክልል ነው። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ተብሎ ስንቱን ሱቅ ያዘጋው ጉዳይ ማለት ነው፣ እሱን ማንም አላነሳውም! እኛ ከተማ የከተማና የቀበሌ ምርጫ ከ2005 ሚያዝያ ወዲህ ስላልነበረ ሰው የቱቦውንም ጥያቄ ያገኘው እጩ ላይ ነው የሚያራግፈው፣ አልፈርድበትም።

ከዛ ደብተሩን ፌዴራል፣ ክልል፣ ከተማ ብዬ ለሶስት ከፈልኩት። ለቀጣዮቹ እጩዎች የክልሉን ብቻ፣ ለሁሉም አንድ አይነት ጥያቄ። ያኔ ደረጃ ሐ የሚባለው፣ በግምት የሚገብረው አነስተኛ ነጋዴ ግምቱ በዛብኝ ሲል ቅሬታውን መጀመሪያ የሚያየው ራሱ ግብሩን የወሰነው መስሪያ ቤት ነበር፣ እዚህ ላይ ምን ታደርጋለህ? አብዛኞቹ ዞረው ወደ ልማት ገቡ። አንዱ ግን ትንሽ ዝም አለና "ይሄን በደንብ አላውቀውም፣ ጠይቄ ልምጣ" አለ፣ በሶስተኛው ቀን በወረቀት ጽፎ መጣ፣ ወላሂ እንደዛ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እኔ ከሁሉም የተማርኩት አላውቅም ያለን ሰው እንዳልጥለው ነው።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ገብቶ ሱቃችን ሲዘረፍ ደብተሩ ቤት ስለነበር ተረፈ። የከተማው ገጽ ላይ ቱቦው አንደኛ ተብሎ ተጽፏል፣ የከተማ ምርጫ ሲመጣ ከሱ ነው የምንጀምረው።