በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?

ጎጃም በረንዳ አካባቢ አንድ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሱቋ ጠባብ ናት። ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚጮኸው። ከባንኮኒው ጀርባ፣ ከብሬከሮቹ መደርደሪያ በላይ፣ በቀይ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ማን እንደለጠፈው አላውቅም፣ እኔ ስቀጠር እዚያው ነበር።

ሰው ስለ እኛ የሚለውን አውቃለሁ። ፊታቸው አይፈታም፣ ሁሌ ስልክ ላይ ናቸው፣ ሲጠየቁ በአገጫቸው ነው የሚያመላክቱት ይባላል። እውነት ነው፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ግን እስቲ ባንኮኒው ጀርባ ቁሙና እዩት። አንዱ ይመጣና «ያቺን ቧንቧ ላይ የምትገባዋን ስጠኝ» ይላል። የቷን? «ያቺን ጠመዝማዛዋን ነዋ!» ከዚያ ቧንቧ ሠራተኛው ጋ ይደውልና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይለጥፈዋል፤ ሠራተኛው ደግሞ በመዶሻ ጩኸት መሀል «ሃያ ኤልቦ!» ብሎ ይዘጋል። ኤልቦ ቱቦው የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ነው። ሃያ ደግሞ የፒፒአር፣ ማለትም የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ፣ ቋንቋ ነው፣ የቱቦው የውጭ ስፋት 20 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ያው ቱቦ ከብረት ቧንቧ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሲደርስ ግማሽ ኢንች ይባላል። ታዲያ ጥርስ ያለው ነው የሌለው? ጥርሱ ከውስጥ ነው ከውጭ? የመጣው ሰው አያውቅም፣ የላከው ስልክ አያነሳም። በግምት እሰጠዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ዕቃው ሲሚንቶ ለብሶ ይመለሳል። እኔም ቀና ሳልል ወደ ወረቀቱ ነው የምጠቁመው።

የደረሰኙ ነገር ደግሞ አለ። ዋጋ ከመናገራችን በፊት «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» እንላለን። በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል። የራሱን ቤት ከኪሱ አውጥቶ የሚያድስ ሰው ደረሰኝ ምን ያደርግለታል? ያለ ደረሰኝ ይገዛል። ዕቃው ተበላሽቶ ሲመጣ ግን የመጀመሪያ ጥያቄያችን «ደረሰኝ አለህ?» ነው። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን አንድም ቀን ከንክኖኝ ነበር ብል ዋሸሁ።

ነገሩ የሆነው በ2011 ክረምት ነው። እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ አንዲት እናት መጡ። ኤሌክትሪሻኑ በወረቀት ጽፎ ልኳቸዋል፣ ባለ 4 ሽቦ፣ ቀይ 30 ሜትር፣ ጥቁር 30 ሜትር። እንደዚህ ጽፎ የሚልክ ሠራተኛ ብርቅ ነው፤ እግዜር ይስጠው። ባለ 4 ማለት ሽቦው ሲቆረጥ የሚታየው የመዳቡ ፊት ስፋት 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው።

«ልጄ፣ ለምጣድ ነው። ይችልልኛል?» አሉኝ።

«ይችላል እናቴ፣ ኦርጅናል ነው።»

ኦርጅናል የምትለዋ ቃል እኛ ጋ ብዙ ትሠራለች። ኦርጅናል አለ፣ ኮፒ አለ፣ «ኦርጅናል ኮፒ» የሚባልም አለ፣ በዚህ ስም ስንት ዕቃ ሸጫለሁ።

ጥቅሉን ከላይኛው መደርደሪያ ሳወርድ ግን እጄ አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። መቶ ሜትር ባለ 4 ሽቦ ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ ፕላስቲኩ ሲጨመርበት ከላይ ስታወርደው ክብደቱ ትከሻህ ላይ ይሰማሃል። ይሄኛው በአንድ እጄ ወረደልኝ። ልብ አልኩት? አዎ፣ ልብ ብያለሁ። ግን ጠዋት ነው፣ ሰው ቆሟል፣ ጥቅሉ ላይም በትልቁ 4 ተብሎ ተጽፏል። ለካሁ፣ ቆረጥኩ። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» አልኳቸው። «የቱ ይሻለኛል?» አሉ። «ያለ ደረሰኝ ይቀንስልዎታል» አልኩ።

በስድስተኛው ቀን ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ተመልሰው መጡ። ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። ሶኬቱ ፊቱ ቀልጦ ወደ አንድ ጎን ወርዷል። የሽቦው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ጠቁሮ ተጨማዷል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሱቋን ሞላት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምጣዱ ላይ እንዳሉ ግድግዳው ጨሰ አሉኝ። ሁለት ባልዲ የቦካ ሊጥ ቆሞ ቀረ። ጠዋት ሁለት ምግብ ቤት እንጀራ ሲጠብቅ ነበር።

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? «እናቴ፣ ደረሰኝ ይዘዋል?»

«አንተው አይደለህ እንዴ ያለ ደረሰኝ ይሻልሻል ያልከኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ በአገጬ ወደ ወረቀቱ ጠቆምኩ። ቀና ብለው ድምፅ አውጥተው አነበቡት፣ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል። «እሺ፣ ይሁን» አሉ። የሚሄዱ መስሎኝ ተንፈስ አልኩ። አልሄዱም። በሩ ጋ የነበረችውን ትልቅ የቀለም ባልዲ ሳብ አደረጉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡባት።

አልጮኹም፣ ማንንም አልተሳደቡም። የሚገባውን ሰው ሁሉ ግን በለሰለሰ ድምፅ «ሽቦ ነው ልጄ የምትገዛው? ፋቅ አድርገህ ግዛ» ይሉታል። ከቦርሳቸው ትንሽ የሽንኩርት ቢላዋ አውጥተዋል። የሽቦውን ራስ በቢላዋው ፋቅ ሲያደርጉት ከላይ ያለው መዳብ እንደ ቀለም ይነሳና ውስጡ ነጭ ይወጣል። አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባ። ኤሌክትሪሻኑ ነው ያሳያቸው። ከደንበኞቹ አንዱ የእጅ ካሊፐር፣ ውፍረት መለኪያ፣ ነበረውና ለካው። ባለ 4 ሽቦ ነጠላ ክር ሲሆን የመዳቡ ውፍረት 2.2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ይሄ 1.8 አልሞላም። ማለት 4 ተብሎ የተጻፈበት 2.5 ካሬ ነው፣ እሱም አሉሚኒየም። አሉሚኒየም በተመሳሳይ ውፍረት የመዳብን ስድሳ በመቶ ያህል ነው የሚያስተላልፈው፤ በዚያ ላይ በብሎን የታሰረበት ቦታ ላይ ቀስ በቀስ እየላላ ይግላል። ምጣድ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። 3,500 ዋት የሆነው በ220 ቮልት 16 አምፒር ይስባል፣ ለዚያውም ሌሊቱን ሙሉ ማለት ይቻላል።

ሰውየው ይህን ሁሉ ጮክ ብሎ ሲያስረዳ እኔ ብሎን የምቆጥር መስዬ ነበር። ሦስት ሰው ሳይገዛ ወጣ። አራተኛው ሌላ ጥቅል አስወርዶኝ «ፋቅልኝ» አለኝ።

ያኔ አላወቅኩም እንጂ፣ በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥሩ 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል ይላል። እሳቸው ገና ስድስተኛ ቀናቸው ነበር። አዋጁን እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም። ባልዲዋ በቂያቸው ነበረች።

ስምንት ሰዓት ላይ ጋሼ፣ ባለሱቁ፣ ከምሳ ተመለሱ። በር ላይ ቆመው ሁሉንም ሰሙ። «ማነው የሸጠላቸው?» አሉ። ሱቁ ውስጥ ሻጭ እኔ ብቻ ነኝ እኮ! ጋሼ መጀመሪያ ብር አይመለስም አሉ፣ በዋጋው ሌላ ዕቃ ይውሰዱ፣ አምፖልም ሶኬትም ይምረጡ አሉ። እናትየዋ ከባልዲዋ ሳይነሱ «አምፖል እንጀራ አይጋግርልኝም» አሏቸው። ትንሽ ተጨቃጨቁ፣ ትንሽ ተሳሳቁ። በመጨረሻ እውነተኛ መዳብ፣ ባለ 4፣ ሽቦውም እዚያው በቢላዋቸው ተፍቆ፣ ከአንድ አዲስ ሶኬት ጋር ተሰጣቸው። የሊጡንና የኤሌክትሪሻኑን ሁለተኛ ድካም ግን ማንም አልከፈለም። ጋሼ ልዩነቱን ከደሞዜ ቆረጡ፣ 700 ብር። ወሩን ሙሉ አኩርፌ ሠራሁ። ያኮረፍኩት በጋሼ ነበር፣ በራሴ መሆን ሲገባው።

በማግስቱ የቀሩትን ሰባት ጥቅሎች ይዤ ወደ መርካቶ፣ ወደ አከፋፋዩ ተላክሁ። ሰባቱንም ብቻዬን ተሸከምኩ። መዳብ ቢሆኑ ተሸካሚ እቀጥር ነበር። አከፋፋዩ ጋ በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ስልክ ይነካካል። ጥቅሎቹን አስቀመጥኩ፣ አንዱን ፋቅ አድርጌ ነጩን አሳየሁት። አየት አደረገና «ደረሰኝ አለህ?» አለኝ። የለኝም። ጋሼም ያለ ደረሰኝ ነው የሚገዙት። ልጁ ቀና ሳይል በአገጩ ወደ ግድግዳው ጠቆመኝ። ወረቀቱ ያው ነው። ቀዩም ያው፣ ፊደሉም ያው፣ ከአንድ ማተሚያ ቤት የወጡ ነው የሚመስሉት። ዙሪያዬን አየሁ፣ የምቀመጥበት ባልዲ ፈለግኩ። የለም። ቢኖርም የእሳቸው ልብ የለኝም፣ ጥቅሎቼን ተሸክሜ ተመለስኩ። ጋሼ ሳያዩኝ ቆጥ ላይ ወረወርኳቸው፤ ሱቁን እስክለቅ ድረስ እዚያው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቢላዋ ገዛሁና ባንኮኒው ጫፍ ላይ በሲባጎ አሰርኩት። ሽቦ የሚገዛ ሰው ሲመጣ ሳይጠይቀኝ ፋቅ አድርጌ አሳየዋለሁ፣ ለምን እንደሚፈልገውም እጠይቀዋለሁ፣ ለመብራት ነው፣ ለምጣድ ነው፣ ለውኃ ማሞቂያ ነው። ጋሼ መጀመሪያ «ደንበኛ ታስበረግጋለህ» ብለው ተቆጡኝ። በኋላ ላይ እሳቸው ራሳቸው ቢላዋውን ይዘው ሲያብራሩ ሰምቻቸዋለሁ፣ እንደ ራሳቸው ፈጠራ። የላከው ሠራተኛ ስልክ አላነሳ ሲልም፣ ሰውየው የድሮውን ዕቃ ፎቶ አንስቶ እንዲያመጣ እልከዋለሁ፤ ይህቺን ለማሰብ ለምን ሁለት ዓመት እንደፈጀብኝ አላውቅም። ወረቀቱን ግን አላነሳንም። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ተሰንጥቋል ነው ምክንያታችን።

እናትየዋ ከወራት በኋላ ለመስቀል ሰሞን መጡ። አንድ አምፖል ፈልገው ነው። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ምጣዱን ጠየቅኳቸው፣ ደህና ነው አሉ። አምፖሉን ሞክሬ እያሳየኋቸው፣ አፌ ለምዶበታልና፣ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» አልኳቸው።

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ባልዲዋ የነበረችበትን ቦታ ዞር ብለው አዩ።

«በደረሰኝ» አሉ። «ቢላዋውንም አቀብለኝ።»