አሸዋውን ማን ያነሳዋል?

ሰሞኑን አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ ቡና ይዤ የማነበው ስለ ባሕር ወለል ነው። «ባሕር በሌለው አገር ምን ያደርግልሃል?» ይለኛል ጓደኛዬ። ደስ ስለሚለኝ ነዋ!

ማዕበል ሲያልፍ ውሃው ራሱ ብዙ አይጓዝም፤ ክብ እየሠራ ይዞራል። ክቡ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። በሁለት ማዕበል ጫፎች መካከል 100 ሜትር ካለ፣ 50 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው አሸዋ ብዙም አይነካም። ጥልቀቱ ሲያንስ ግን ክቡ ይጨፈለቅና ወለሉ ላይ ወደፊትና ወደኋላ መመላለስ ብቻ ይሆናል። አሸዋውን የሚያነሳው ይሄ ምልልስ ነው።

የዚህ ምልልስ አለካክ በጣም ነው የሚገርመኝ። ባለ ሦስት እግር ብረት ወለሉ ላይ ይተከላል። አንዱ መሣሪያ ድምፅ ይልካል። ድምፁ ውሃው ውስጥ ካሉ ቅንጣቶች ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ (ቅጥነቱ ወይም ውፍረቱ) ስለሚለወጥ፣ የውሃው ፍጥነት ይታወቃል። ሌላው ብርሃን ይልካል፤ ውሃው በደፈረሰ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን ይጨምራል። የግፊት መለኪያም አለ፣ ለማዕበሉ ከፍታ። ሁሉም በየሰከንዱ ደጋግመው መመዝገብ አለባቸው። አማካዩ ብቻ ከተያዘ ሂያጁና ተመላሹ ውሃ እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ ውሃው የቆመ ይመስላል።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ወለሉ ላይ የሚሠሩት ትናንሽ የአሸዋ ሸንተረሮች ናቸው። ውሃው በላያቸው ሲያልፍ ከጀርባቸው አዙሪት ይፈጠራል፣ አሸዋም ይይዛል። ውሃው አቅጣጫ ሲቀይር አዙሪቱ አሸዋውን ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ ተመላሹ ውሃም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ማዕበሉ ወደ ዳርቻ እየገሰገሰ፣ አሸዋው ወደ ጥልቁ ሊጓዝ ይችላል። ይህን ከላይ ቆሞ በማየት ማንም አያውቀውም።