ቧሂት ሁለት ጊዜ ይታለፋል፦ የራስ ደጀን ጉዞ ከነሂሳቡ

ራስ ደጀን የሚወጣ ሰው ሐሳቡ ሁሉ 4,550 ሜትሩ ጫፍ ላይ ነው። እኔም ስዘጋጅ ስንቁንም፣ ልብሱንም፣ ጉልበቴንም ያሰላሁት ለጫፉ ቀን ነበር። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ስደምራቸው ግን ሌላ ነገር ወጣ። ከጨነቅ ካምፕ 3,620 ሜትር ላይ ተነስቶ እስከ ቧሂት በር፣ ማለትም የቧሂት ተራራ ማለፊያ፣ 4,200 ገደማ 580 ሜትር ዳገት አለ። ከበሩ እስከ መሸሃ ወንዝ 1,400 ሜትር ቁልቁል ይወረዳል። ከወንዙ እስከ አምቢቆ መንደር እንደገና 400 ሜትር ዳገት። በማግስቱ ጫፉ ራሱ 1,350 ሜትር። በሦስተኛው ቀን መሸሃ ተወርዶ ያው ቧሂት ከሥሩ ጀምሮ 1,400 ሜትር ይጠብቃል። በሦስት ቀን የሚወጣው ዳገት 3,730 ሜትር ነው፤ ከዚህ ውስጥ የራስ ደጀን ድርሻ 1,350 ብቻ። ስለዚህ ዝግጅቱ መደረግ ያለበት ለቧሂት ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። ቢራውም ባንኩም «ዳሸን» ብለው አጸኑት እንጂ አገሬው የሚለው «ደጀን» ነው። ከፍታውም በየካርታው ይለያያል፦ አሮጌዎቹ 4,620 ይላሉ፣ በኋላ 4,543 እና 4,533 መጣ፣ አሁን በብዛት የሚጻፈው 4,550 ነው። ስለዚህ ስልካችሁ 30 ሜትር ቢያበላልጥ አትደንግጡ። በአየር ግፊት የሚለካ ሰዓት ያለው ሰው ደግሞ በየካምፑ ጠዋት በታወቀው ከፍታ ያስተካክለው፤ አየሩ በተለዋወጠ ቁጥር ይስታል።

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። በክረምት መሸሃ ይሞላል፣ ቁልቁለቱ ላይ በቅሎ ይንሸራተታል፣ ጭጋጉም ገደሉን ይሸፍናል። በጥቅምት መጀመሪያ ሜዳው ለምለም ነው፣ ወንዙ ግን ገና አልጎደለም። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት የድንኳኑ ሸራ በአመዳይ ነጥቶ እንደ ካርቶን ደርቆ ይገኛል። እኔ የምመርጠው ኅዳርን ነው። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ጾም ነው። ስካውቱም (የሚያጅባችሁ የፓርኩ ታጣቂ) ባለበቅሎዎቹም በአብዛኛው ይጾማሉ። ስንቁን በቱናና በእንቁላል ሞልቶ የሄደ ሰው ብቻውን ይበላል፣ አብረውት ያሉት ሰዎች ደግሞ ቆሎ ቆርጥመው ያድራሉ። ከሁሉ በፊት ግን የአካባቢውን ጸጥታ ደባርቅ ካለው የሰሜን ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ሳታጣሩ ከጎንደር አትነሱ።

የመጀመሪያ ዕቅዴ ከጎንደር በመኪና ተነስቶ በዚያው ቀን ጨነቅ ማደር ነበር። መንገዱ ስለሚያስገባ ያጓጓል። ነገር ግን ከ2,100 ሜትር ገደማ ተነስቶ 3,620 ላይ መተኛት በአንድ ቀን 1,500 ሜትር መዝለል ነው። የሐኪሞች ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ ማደሪያን በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እዚያው መዋል ነው። ስለዚህ አፈረስኩትና እንደገና አደላደልኩት። ደባርቅ 2,850 ላይ አንድ ሌሊት፤ የፓርኩ ምዝገባና ክፍያም፣ ስካውትና በቅሎም እዚያው ይያዛል። ቀጥሎ ሳንቃበር 3,250። በሦስተኛው ቀን የጅንባርን ፏፏቴ አይቶ ግጭ 3,600። ከግጭ ጠዋት ወደ እሜት ጎጎ 3,926 ወጥቶ፣ በእናትዬ 4,070 ላይ አልፎ ማታ ጨነቅ። በአምስተኛው ቀን ያለ ጭነት የቧሂትን ጫፍ 4,430 ወጥቶ ተመልሶ ጨነቅ ማደር። ይህን ቀን «ብክነት ነው» ብለው ብዙዎች ይሰርዙታል። እኔ ከጉዞው ሁሉ አንድ ቀን ብቻ ትይዛለህ ብባል የምይዘው እሱን ነው፦ ሰውነት ከፍታውን ይቀምሳል፣ የነገውን መንገድ ያያል፣ በዚያ ላይ በማለዳ ዋልያ የሚታየው ከጨነቅ ወደ ቧሂት ባለው ዳገት ላይ ነው።

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለገና መጥቶ በሳምንቱ ተራራ የሚወጣ ወገን «ደጋ ነው ያደግሁት» ይላል። ሰውነት የለመደውን ከፍታ በሳምንታት ውስጥ ይረሳል፤ የልጅነት ደጋ አይቆጠርም። በሰሜን ተራሮች 3,500 ሜትር አካባቢ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደማቸው እንደ አንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ሳይወፍር ኦክስጅን በደንብ እንደሚይዝ አሳይቷል። ያ ለእነሱ በትውልድ የመጣ ነው። ጫፉ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 57 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህን ያልለመደ ሳንባ ግን፣ የማንም ይሁን፣ እንግዳ ነው። የከፍታ ሕመም መከላከያውን ዳያሞክስ የሚወስድ ሰው ሐኪም አማክሮ፣ በተለመደው መጠን 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ከመውጣቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይጀምር። ሽንት ያበዛል፣ ጣት ይነዝራል፤ የሰልፋ አለርጂ ያለበት ሳይጠይቅ አይንካው።

የዚህ መንገድ ወጥመድ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሌሎች ተራሮች የታመመ ሰው ወደመጣበት ይወርዳል። እዚህ ግን ቧሂትን አልፎ አምቢቆ ላይ የታመመ ሰው ወደ መኪናው ለመመለስ እስከ 4,200 ሜትሩ በር መውጣት አለበት። ከአምቢቆ መውረድ የሚቻለው እስከ መሸሃ 400 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ውሳኔው የሚሰጠው ጨነቅ ላይ፣ ከበሩ በፊት ነው። የያዝኩት ደንብ አጭር ነው፦ ጠዋት የተነሳ ራስ ምታት ግማሽ ሊትር ውሃና ፓራሲታሞል ተወስዶ እስከ ቁርስ ካልለቀቀ፣ ወይም ማቅለሽለሽ ካለ፣ ያ ሰው ቧሂትን አያልፍም። የሚያጠራጥር ሰው ካለ ቀጥ ያለ መስመር መሬት ላይ ጫሩ፤ አንዱን ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት ጋር እያገጣጠመ አሥር እርምጃ ይሂድ። የሚንገዳገድ ከሆነ፣ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ፣ ነገ አይባልም፤ በሌሊትም ቢሆን ይወርዳል። ከጨነቅ በመኪና ሳንቃበር፣ ከዚያም ደባርቅ መውረድ ይቻላል። ለዚህ ነው መኪናውን ሳልሸኝ ጨነቅ ያቆየሁት።

ጭነቱ። ለአንድ በቅሎ ከ40 ኪሎ በላይ አልጫንኩም፣ ያውም በሁለት እኩል ሻንጣ። በቅሎ የምታስቸግረው ክብደቱ ሲበዛ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ጎን በሁለት ሦስት ኪሎ ሲበልጥ ኮርቻው ቀስ እያለ ይዞራል፣ ይህም የሚሆነው ቁልቁለት ላይ ነው። ባለበቅሎው ሲጭን ቆማችሁ እዩት፦ በመጀመሪያ ሁለቱን ሻንጣ በእጁ ይመዝናል፣ ቀላሉ ጎን ላይ ድንጋይ ወይም የውሃ ጀሪካን ይጨምራል፣ መጫኛውን ከሆዷ ሥር አሳልፎ ያጠብቃል። ከዚያ መቶ እርምጃ ያህል አስኪዶ እንደገና ያጠብቃል፤ በቅሎዋ ሲጠብቅባት ሆዷን ነፍታ ስለምትይዝ የመጀመሪያው ቋጠሮ ሁሌም ይላላል። በጭራዋ ሥር የሚያልፈው ጠፍር ከላላ ወደ መሸሃ ሲወረድ ጭነቱ ወደ አንገቷ ይሄዳል። ሌላው ነገር፣ በቅሎዎቹ በሌላ አቋራጭ ስለሚሄዱ ወይም ወደኋላ ስለሚቀሩ ጃኬት፣ ውሃ፣ መድኃኒትና የግንባር ባትሪ ከራሳችሁ ጀርባ አይውረድ። በሩ ላይ ነፋስ ሲመታችሁ ጃኬቱ በቅሎ ላይ መሆኑን ማወቅ አይጠቅምም።

ምግብን በተመለከተ፣ ጨነቅ ላይ ውሃ 88 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ምስር ክክ ሳይበስል ነዳጁ ያልቃል። ሽሮ፣ ደርቆሽ፣ አጃ ገንፎ ይሠራሉ። ለመንገድ በሶን የሚያክል የለም፦ እሳት አይጠይቅም፣ በማርና በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ በቀን ለአንድ ሰው 150 ግራም ያህል ያዝኩ፣ አልተረፈም። ማገዶ ከፓርኩ አይለቀምም፤ ምድጃው የነጭ ጋዝ ነው። ውሃ በቀን ሦስት ሊትር ለአንድ ሰው። በዚህ ከፍታ መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ እየፈላ ይቆይ፤ ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያውን ክሎሪን) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ ከተጻፈው ጊዜ አስረዝሙት። ማታ የፈላውን በብረት ጠርሙስ ሞልቶ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ማስገባት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ እግር ያሞቃል፣ ጠዋትም ያልቀዘቀዘ ውሃ ይገኛል። ስልኩም እዚያው ይግባ፤ ብርድ ባትሪውን ይበላዋል።

ስሊፒንግ ባጉ እስከ ከዜሮ በታች 10 የሚችል ይሁን። ጋቢ ማታ እሳት ዳር መልካም ነው፣ ግን ጥጥ ነው፤ ከረጠበ ሙቀት ይወስዳል እንጂ አይሰጥም። የእረኛ ልጆች የሚሸጡትን የበግ ፀጉር ቆብ ግዙ፤ ከከተማ ካመጣሁት የተሻለ ሠርቷል። ስካውቱ ብዙ ጊዜ ጠመንጃና ጋቢ ብቻ ይዞ ነው የሚመጣው። የእሱንም ድንኳንና ብርድ ልብስ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በስድስተኛው ቀን ከጨነቅ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። በሩ ላይ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር የሚያቅት ከሆነ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ጉልበት የሚፈተነው ከዚያ በኋላ ነው። 1,400 ሜትሩ ቁልቁለት ልቅ ጠጠር ነው፣ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚጠቁረውም እዚህ ነው። ከበሩ ላይ ጫማውን ፈትቶ ተረከዝን ወደኋላ አስጠግቶ ከቁርጭምጭሚት በላይ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ይህን ያስቀራል። ዱላ ሁለት ይሁን፤ የአገሩ ዱላ ከሚታጠፈው የፈረንጅ ዱላ አያንስም። መሸሃ በበጋ በድንጋይ ላይ ይሻገሩታል። አምቢቆ ስንደርስ ከ9 ሰዓት አልፎ ነበር።

ለጫፉ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት ይገባል። መውጫው አምስት ስድስት ሰዓት፣ መውረጃው ሦስት አራት ሰዓት ነው፣ ደመናውም ከቀትር ጀምሮ ይመጣል። በጨለማ ስካውቱ ይቅደም፤ የመንደሩ ውሾች እሱን ይሰማሉ።  ሲቃረብ ሦስት ተመሳሳይ የድንጋይ ጫፎች ይታያሉ፣ ከቆማችሁበት ደግሞ የቅርቡ ከሁሉ የረዘመ ይመስላል። የትኛውን እንደምትወጡ ከታች ሳላችሁ ተነጋገሩ፣ ነጥቡንም ኢንተርኔት በማይፈልግ ካርታ ላይ ቀድማችሁ ምልክት አድርጉ፤ ተሳስቶ ወደ ሌላው መሻገር እስከ ሦስት ሰዓት ይጨምራል። የመጨረሻው ጥቂት ሜትር በእጅ ተይዞ የሚወጣ ድንጋይ ነው። ገመድ አይፈልግም፣ አመዳይ ካለበት ግን ፀሐይ እስኪነካው መጠበቅ ነው።

የመመለሻው ቀን ላይ ሰው ደክሞ ስለሚያረፍድ ይጎዳል። ቧሂት ከመሸሃ በኩል ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ፀሐይ ከወጣችበት ደቂቃ ጀምሮ ዳገቱን ትመታዋለች፣ ጥላም የለም። ስለዚህ ከአምቢቆ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቶ መሸሃን በንጋት መሻገር፣ እዚያው ሦስት ሊትር ሞልቶ ጨው ያለበት ነገር በልቶ መጀመር ነው። 50 ደቂቃ ተሂዶ 10 ደቂቃ ይታረፋል። እንዲህ ከተሄደ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ውስጥ በሩ ላይ ይደረሳል። የጠጠሩ መኪና መንገድ ከጨነቅ ወጥቶ ይህን በር አልፎ ወደ መካነ ብርሃን ስለሚሄድ፣ ጉልበቱ ያለቀበት ሰው ካለ መኪናው ከጨነቅ ወጥቶ በሩ ላይ እንዲጠብቅ ማድረግ ይቻላል። ይህን ግን ከሾፌሩ ጋር ከመለያየት በፊት በቀንና በሰዓት ተስማሙ፤ በመሸሃ ሸለቆ ስልክ ላይ መተማመን አይቻልም። ባለበቅሎዎቹም ወደ ደባርቅ የሚመለሱበት ቀን ይታሰብላቸዋል፤ እሱንም ሂሳቡ ውስጥ ከመጀመሪያው አስገቡት።