ቅጹ ሁለት ሳጥን ብቻ ነበረው፦ የትምህርት ቤት ሄርባሪየም ስንሠራ የገጠመኝ

ደብረ ብርሃን አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ጋር የሰሜን ሸዋን አበባ አብቃይ ዕፅዋት ሰብስበን፣ አድርቀን፣ በዝምድናቸው ደርድረን ትንሽ ሄርባሪየም ሠርተናል። መሰብሰቡ አይከብድም። ማድረቁም አይከብድም። እኔን ያቃጠለኝ የደረደርነውን «ለሚመለከተው አካል» ማሳየቱ ነው። ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም፤ ስለዚህ እኔ ልናገር።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ሁለት ጣውላ፣ ካርቶን፣ አሮጌ ጋዜጣና ገመድ ይበቃችኋል። ቅርንጫፉ አበባ ይኑረው፣ ከተገኘም ፍሬ። ቅጠል ብቻ ይዞ የመጣ ተማሪ ተመልሶ ይሂድ። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። በክረምት አትሞክሩት፤ በደብረ ብርሃን ብርድና ጉም ሻጋታ ይቀድማችኋል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ጥሩ ነው፣ አበባውም ያኔ ነው። ሬት ጋዜጣ ውስጥ ታስሮም ማደጉን አይተውም፤ መጀመሪያ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጉት። እንደ መንዝ ጓሳ ባለ ጥብቅ ቦታ ሳታስፈቅዱ አንዲት ቅጠል አትንኩ። ጅብራን ደግሞ አትቁረጡት። ለዓመታት አድጎ፣ አንዴ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ ፎቶ አንሱትና ከአበባው ጥቂት ውሰዱ።

በነገራችን ላይ እዚህ ያለን መምህራን ዕድለኞች ነን። ከጣርማ በር ተነስታችሁ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ ውርጭ ወደ 1,300 ሜትር ግድም ቆላ ትገባላችሁ። ላይ አስታና ጅብራ፣ ታች ግራርና ማሽላ። ለናሙና ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ተማሪዎቹን «እንደመሰላችሁ ደርድሩ» አልኳቸው። ዛፉን ከዛፍ፣ ሣሩን ከሣር፣ እሾሃሙን ከእሾሃም አስቀመጡ። ከዚያ አበቦቹን በምላጭ ሰንጥቀን እናይ ጀመር። ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። ኮሶ ትልቅ ዛፍ ነው፣ ቀጋ የአጥር ቁጥቋጦ ነው፣ እንጆሪ እየተሳበ የሚወጣ እሾህ ነው። ሦስቱም የጽጌረዳ ቤተሰብ ናቸው። ጅብራን ከሩቅ ያየ ከዘንባባ ወይም ከእንሰት ይመድበዋል። አበባው ግን ሌላ ይናገራል፤ ጅብራ ያለበት ኦርደር (ከቤተሰብ ከፍ ያለ የዝምድና መደብ) ውስጥ አደይ አበባም፣ ኑግም፣ ሱፍም አሉ። የአደይን አበባ የበታተነች አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ይሄ አንድ አበባ አይደለም እኮ» አለችኝ። ልክ ነበረች። አንድ አበባ የምንለው ብዙ ጥቃቅን አበቦች አንድ ላይ ተሰብስበው ነው።

ከሁሉ የጣመኝ ግን የቁልቋልና የበለስ ነገር ነው። ሁለቱም ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ እሾሃም ናቸው። ቁልቋል ሲወጋ ነጭ ወተት ያፈሳል (ዓይን ይጎዳል፣ ልጆቹን አስጠንቅቁ)። በለስ ወተት የለውም። ቁልቋል የጉሎና የብሳና ቤተሰብ ነው። በለስ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ካክተስ ነው፤ ከቁልቋል ይልቅ ለእንዶድና ለቀይ ሥር ይቀርባል። የበለስ ፍሬ ቅላትና የቀይ ሥር ቅላት ቤታሌን ከሚባል አንድ ዓይነት ቀለም የመጣ ነው። የጽጌረዳ ቅላት ግን ከሌላ ቀለም ነው። በለስንና ቁልቋልን ያመሳሰላቸው ድርቅ ነው፤ ሁለቱም ውሃ ለማጠራቀም በየፊናቸው ግንዳቸውን አወፈሩ። ይህን ከመጽሐፍ ስታስተምሩት ተማሪ ያዛጋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ስትወጉ ግን ከኋላ ወንበር ያለው ሁሉ ይነሳል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር።

አበባ አብቃዮቹን በሦስት መደርደሪያ ከፈልናቸው። አንደኛው ላይ አቮካዶና ከቅመም ሱቅ የገዛነው ቁንዶ በርበሬ። ሁለተኛው ላይ ሽንኩርት፣ ሬት፣ ጓሳ፣ ጤፍ፣ ቄጤማ። ሦስተኛው ላይ የቀሩት ሁሉ፦ ባቄላ፣ ግራር፣ ኮሶ፣ ወይራ፣ አደይ፣ ጅብራ፣ በለስ፣ ቁልቋል። ጽድና ዝግባ አበባ ስለሌላቸው ለንጽጽር ብለን ለብቻቸው አደረግናቸው።

የዚያ «የሚመለከተው አካል» ገምጋሚዎች ቅጽ ይዘው መጡ። ቅጹ ላይ «አበባ አብቃይ» በሚለው ሥር ሁለት ሳጥን አለ፦ ሞኖኮት (ዘሩ ባለ አንድ ክክ) እና ዳይኮት (ዘሩ ባለ ሁለት ክክ)። ሌላ ምንም የለም።

«መምህር፣ ዳይኮቱ የታለ?» አሉኝ አንደኛው።

ሦስተኛውን መደርደሪያ አሳየኋቸው። አቮካዶው ለምን እዚያ እንደሌለ ጠየቁ። ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ማስረዳት ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም። «ሁለት ክክ አለው ወይስ የለውም?» አሉ። አለው አልኩ። እውነትም አለው፤ ፍሬውን ለበላ ሁሉ ግልጽ ነው። «እንግዲያው ዳይኮት ነው፤ ለምን ያወሳስቡታል?»

ያላስጨረሱኝን እዚህ ልጨርሰው። አበባ አብቃይን በባለ አንድ ክክና በባለ ሁለት ክክ መክፈል የቆየ ልማድ ነው። ባለ አንድ ክኮቹ፣ ሞኖኮቶቹ፣ እስካሁን አንድ ወገን ናቸው። ዳይኮት ግን እንደ አንድ ወገን ፈርሷል። የዕፅዋት ዲ.ኤን.ኤ. በስፋት መነበብ ሲጀምር፣ ባለ ሁለት ክኮች በሙሉ ለብቻቸው የሚጋሩት አባት እንደሌላቸው ታየ። እ.ኤ.አ. በ1998 የአንጂዮስፐርም ፋይሎጄኒ ቡድን የሚባሉ የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን መሠረት ያደረገ አዲስ አመዳደብ አወጡ፤ በ2003፣ በ2009 እና በ2016 አሻሻሉት። አቮካዶ፣ ቁንዶ በርበሬና ግሽጣ ራሱን የቻለ ወገን ናቸው። ባቄላና ኮሶ ያሉበት ትልቁ ወገን ሌላ ነው፤ መለያውም የአበባው ብናኝ ሦስት ስንጥቅ ያለው ወይም ከዚያ የተለወጠ መሆኑ ነው።

ሁለት ክክ መኖሩስ? እሱ የጥንት ነው፤ ከሁሉም ቅድመ አያት የተወረሰ። በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እዚያ ሽማግሌዎች ፊት «ልጁም ልጅቷም ሁለት ሁለት እጅ አላቸውና ዘመድ ናቸው» ብሎ የሚነሳ የለም። ሁሉም ያለው ነገር ማን ለማን እንደሚቀርብ አይናገርም።

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፌ ከቅጹ ጋር አያያዝኩት። ቅጹ ተመለሰ። «አባሪ አይፈቀድም፤ ይስተካከል» ይላል። ለመደርደሪያ የተባለው ገንዘብም ቅጹ እስኪስተካከል ተያዘ። ሄጄ ጠየቅሁ። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው የለም ተባልኩ። ማን እንዳዘጋጀውም የሚያውቅ የለም። ሌላ ቀን ተመለስኩ፤ ሌላ ሰው «ሥርዓተ ትምህርቱ የሚለውን ያድርጉ» አለኝ። ቅጹን እንጂ ሥርዓተ ትምህርቱን አንብቦት እንደማያውቅ ከንግግሩ ያስታውቃል። ርዕሰ መምህራችን ደግሞ ሰላም ወዳድ ናቸው። «ምን አለበት፣ ዝም ብለህ ብትሞላው» አሉኝ። የእሳቸው ግን አይደንቀኝም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ ከመጡት መካከል መደርደሪያው አጠገብ ቆሞ አንድ ናሙና አንስቶ ያየ አልነበረም። ልጆቹ በረዶ በመሰለ ውሃ እጃቸውን ታጥበው፣ ጋዜጣ ሲቀያይሩ ከርመው የሠሩት ነገር ነው። ሰዎቹ ያዩት ሁለት ሳጥን ነው።

በመጨረሻ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። አንደኛውንና ሦስተኛውን መደርደሪያ ጎን ለጎን አዛወርኩና ከላይ በትልቁ «ባለ ሁለት ክክ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ውሸት አይደለም፤ ሁለቱም ሁለት ክክ አላቸው። የዝምድናው መለያ ከታች በየመደርደሪያው እንዳለ ነው። ተመልሰው መጡ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ፈረሙ። ገንዘቡ ተለቀቀ። በዘዴዬ እኮራለሁ። ይህን ዘዴ መፈለግ ስላስፈለገኝ ግን እስካሁን ያበሽቀኛል።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። «ቲቸር፣ ፈተና ላይ የትኛው ነው የሚመጣው?» አንድ ጎበዝ ልጅ ነው የጠየቀኝ። ፈተና ላይ ሁለት ብላችሁ ክፈሉ፣ ከክፍል ስትወጡ ግን ይህን አትርሱ አልኩት። እናንተም እንዲሁ በሏቸው። የልጁን ነጥብ ለእውነት ብላችሁ አታስቀንሱ፤ ለነጥብ ብላችሁም አትደብቁት።

ሌላው ምክሬ ከተሰጠን መመሪያ ጋር ይጋጫል። መመሪያው የቤተሰቡን ስም በዋናው መለያ ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉ ይላል። እኔ አትጻፉ እላለሁ። ዋናው መለያ ላይ የማይለወጠውን ጻፉ፦ የት፣ መቼ፣ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ፣ ማን እንደሰበሰበው፣ የአበባው ቀለም፣ ሽታው፣ ወተት እንዳለው እንደሌለው። ሲደርቅ ቀለሙም ሽታውም ይጠፋል። የቤተሰቡን ስም በትንሽ ወረቀት ለብቻው ከነቀኑ ለጥፉት። ሬትን ተመልከቱ። ድሮ ከሊሊ ጋር ሊሊያሴ ውስጥ ነበር። የሁለቱን አገሮች ዕፅዋት በሚዘረዝረው መጽሐፍ፣ በኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ ውስጥ፣ አሎኤሴ ነው። በ2009ኙ አመዳደብ ዛንቶሪያሴ ገባ፣ በ2016ቱ ደግሞ አስፎዴላሴ ተባለ። የማሽላው ጠላት አቀንጭራም እንዲሁ ከስክሮፉላሪያሴ ወጥቶ እንደሱው የሌላውን ሥር ከሚጠቡት ጋር ኦሮባንካሴ ውስጥ ተመድቧል። በማይለቅ ቀለም ጽፈን ቢሆን ኖሮ እስካሁን ስንፍቅ እንኖር ነበር።

ፍሎራውን ግን አትናቁት። በአዲስ አበባና በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀ ባለ ስምንት ቅጽ ሥራ ነው። ዝርያውን በእሱ ለዩ፤ የቤተሰቡን ስም ብቻ ከአዲሱ አመዳደብ አመሳክሩ።

ሣሮችን ለመጨረሻ አቆዩ። ጓሳ፣ ጤፍና ገብስ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ተማሪ ቶሎ ይቀበላል፤ እርስ በርስ መለየቱ ግን አሥር እጥፍ የሚያጎላ ሌንስና ትዕግሥት ይጠይቃል። ለመጀመሪያው ቀን ትምህርት፣ በበዓል የምንጎዘጉዘውን ቄጤማ ከሣር ጋር ስጧቸውና ግንዱን በጣታቸው ያሽከርክሩት። ቄጤማው ሦስት ማዕዘን ነው፤ የሣሩ ድቡልቡል ነው፣ አንጓም አለው።